በባሕር ጠለል የተፈተነ መሣሪያ ለአዲስ አበባ አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፣

በሕክምና ቴክኖሎጂ ላይ ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ባለሀብቶች በከተማችን ብቅ ብቅ ማለታቸው ደስ ያሰኛል። ስጋታችን ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። የብዙዎቹ ስታርታፖች በጀት ናሙናውን ሠርቶ ለዕይታ በማቅረብ ይሟጠጣል። መሣሪያው ሆስፒታል ገብቶ እንዲኖር የሚያደርገው ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የኦክስጅን ኮንሰንትሬተርን፣ ማለትም ኦክስጅንን ከአየር ለይቶ ለታካሚ የሚያቀርበውን መሣሪያ፣ እንይ። ኮምፕረሰሩ የክፍሉን አየር ስቦ ዚዮላይት የተባለ ጋዝ የሚይዝ ማዕድን ወደታጨቀባቸው ሁለት ሲሊንደሮች ይገፋል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን ያሳልፋል፤ ቫልቩም በየጥቂት ሰከንዱ ሲሊንደሮቹን ያፈራርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት መሣሪያው ቢያንስ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ በብቃት እንዲሠራ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ በወጣን ቁጥር ደግሞ ይብሳል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕረሰሩ በአንድ ምት የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፣ የሲሊንደሩ ግፊትም አይሞላም። ጠቋሚው በደቂቃ 5 ሊትር ላይ ቆሞ እያለ ከቱቦው የሚወጣው ኦክስጅን መስፈርቱ ከሚጠይቀው 82 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ነርሷ የምታየው የፍሰቱን መጠን እንጂ ንጽሕናውን አይደለም፤ የንጽሕና ማስጠንቀቂያ የሌለው መሣሪያ ከሆነ ማንም ሳያውቅ ታካሚው ይጎዳል።

ፍተሻው ውድ አይደለም። መሣሪያውን ግማሽ ሰዓት አሙቆ በ1፣ በ3 እና በ5 ሊትር ንባቡ እስኪረጋ የኦክስጅንን ንጽሕና በሚለካው አናላይዘር መለካት፣ ቀጥሎም በሙሉ ፍሰት ሦስት ቀን ሳያጠፉ ማስኬድ ነው። ቢቻል በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይደገም። ዚዮላይት ከናይትሮጅን ይልቅ እርጥበትን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዴ ከራሰ ደግሞ በተለመደው ዑደት አይደርቅም። መጋዘን ውስጥ ለወራት ሳይሠራ የተቀመጠ ኮንሰንትሬተር ሲበራ ደካማ ኦክስጅን የሚያወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የመብራቱም ጉዳይ ከዚህ አያንስም። ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት እያለ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ከመጣ ሞተሩ መነሣት ያቅተዋል፤ ባለበት ቆሞ ይግላል፣ ጥቅል ሽቦውም ይቃጠላል። መብራት ከመጣ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚያዘገይ ሰርኪዩት ይህንን ያስቀራል፤ ዋጋውም ከኮምፕረሰሩ ጋር አይወዳደርም። የመብራቱን ቮልቴጅ የሚያረጋጋው ስታቢላይዘር ሲመረጥ መታየት ያለበት ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ነው። 350 ዋት የሚበላ መሣሪያ በ500 ቪኤ (ቮልት-አምፒር) ስታቢላይዘር ላይ አይታሰርም። የፓወር ሰፕላዩም ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) በደንብ ይነበብ። ከፍታው 2,000 ሜትር ተብሎ ከተገደበ ለእኛ ከተማ አይሆንም፤ የሕክምና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ደኅንነት ደረጃ የሆነው አይኢሲ 60601-1 ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ተጠቃሚውን ከኤሌክትሪክ የሚጠብቀው በክፍሎች መካከል ያለ የአየር ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። በፒያሳና አካባቢው ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ግራውንድ የሌለው ሶኬት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ሊነካ ከሚችል የመሣሪያው አካል የሚያፈተልከው የኤሌክትሪክ ፍሰት የግራውንዱ ሽቦ ተቋርጦም መለካት አለበት፤ ጣሪያው በጤናማ ሁኔታ 100፣ በአንድ ብልሽት ጊዜ 500 ማይክሮአምፒር ነው።

የሴንሰር ሥራ የያዙትም ከፈተና አያመልጡም። የጣት ኦክሲሜትር (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በጣት ላይ የሚለካ መሣሪያ) ሠርቶ ከገበያ ከተገዛ ሌላ ኦክሲሜትር ጋር ማስተያየት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ የሁለቱ ስሕተት ተመሳሳይ ቢሆን በምን ይታወቃል? ትክክለኛው መንገድ ቢያንስ 10 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ከ70 እስከ 100 በመቶ ባለው የደም ኦክስጅን ክልል 200 ንባቦችን ከደም ወሳጅ በተወሰደ ደም ማመሳከር ነው። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ኦክሲሜትሩ ደኅና ንባብ እያሳየ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ታካሚዎች 11.7፣ በነጮች 3.6 በመቶ ሆኖ ማግኘቱ የሚታወስ ነው። ለእኛ ቆዳና ለእኛ ከፍታ የሚሠራ መሣሪያ እዚሁ ቢሠራ የምንጓጓውም ለዚህ ነው።

ለባለሀብቱ የምንመክረው ገንዘቡን በየደረጃው እንዲለቅ ነው። ለናሙናው ከጠቅላላው ሲሶ አይበልጥ። የቀረው ለፍተሻ፣ ለምዝገባ እና ለጥገና ይቀመጥ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ የሚቀርበው ሰነድ በአይኤስኦ 13485 የጥራት ሥርዓትና በአይኤስኦ 14971 የአደጋ ትንተና ላይ ቢቆም መልካም ነው፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ነው መያዝ ያለባቸው። የትኛው ቫልቭ ከየትኛው ሎት (የምርት ዙር) እንደመጣ፣ አንድ ክፍል ለምን እንደተቀየረ፣ ማን እንዳጸደቀው በየዕለቱ ካልተመዘገበ ከዓመት በኋላ ከትዝታ መጻፍ አይቻልም። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው።

ወጪ ሲሰላ የጉምሩክ ምደባም ይታይ፤ ሙሉው ኮንሰንትሬተር በታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 90 ውስጥ ሲመደብ ለብቻው የሚገባ ኮምፕረሰር 84 ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ታሪፉ ለየብቻ ይጠየቅ። የመንግሥት ሆስፒታሎች በጀት ሰኔ 30 እንደሚዘጋም አይዘንጋ፤ በዕቅዳቸው ያልተያዘ መሣሪያ በመስከረም ይዞ መሄድ ቀጣዩን ዓመት መጠበቅ ነው። እስከዚያ ድረስ የሠራተኛ ደሞዝ ከየት ይከፈላል?

ጥገና በሽያጭ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ለተሸጡ 10 መሣሪያዎች አንድ ሙሉ ምትክ፣ የሁለት ዓመት ፊልተር፣ መለዋወጫ ቫልቮች፣ በአማርኛ የተጻፈ የጥገና መመሪያ፣ እንዲሁም በይለፍ ቃል ያልተቆለፈ የአገልግሎት ሜኑ ይካተት። የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ቴክኒሻን ክዳኑን ከፍቶ መጠገን ካልቻለ መሣሪያው ኮሪደር ላይ ነው የሚቀረው።

ጋዜጣችሁም ስለ አዲስ የሕክምና ፈጠራ በሚዘግብበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን እንዲያነሣ እንጠይቃለን፦ መሣሪያው የተፈተነው በስንት ሜትር ከፍታ ነው? መለዋወጫውስ የት ነው የተቀመጠው?

ከአክብሮት ጋር፣
የሕክምና መሣሪያ ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ