ከጤፍ የምታንስ ጠብታ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ቺፕ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ንድፉ ነው። ቺፑን ከሚገጠምበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ስለሚያገናኘው፣ ሙቀቱን ስለሚያስወጣለትና ከእርጥበት ስለሚጠብቀው ሙያ፣ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ፓኬጂንግ፣ ለተማሪዎቻችን የሚነግራቸው ሰው ግን እምብዛም የለም። አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መስክ ራሱን የቻለ የምርምር ማዕከል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

የማስተርስ ትምህርቴን ስጀምር በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ያየሁት ቺፑን ከሰሌዳው ጋር የምታያይዝ፣ የተሰነጠቀች የብየዳ ጠብታ ነበር። ከጤፍ ቅንጣት ታንሳለች። የሰነጠቃት ሙቀት ነው፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ቺፑ የተሠራበት ሲሊከን ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል ሲለጠጥ፣ ሰሌዳው 16 ገደማ ይለጠጣል። መሣሪያው በበራና በጠፋ ቁጥር ጠብታዋ በሁለቱ መካከል ስትጎተት ትኖራለች፤ አንድ ቀን ትበጠሳለች። ስንት ጊዜ «ተቃጠለ» ብለን የጣልነው ዕቃ በእንዲህ ያለች ስንጥቅ ሞቶ ይሆን!

ይህን ጉዳይ የሚፈታው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ መካኒካል፣ ኬሚካልና የቁሳቁስ ምሕንድስና ያጠናም ይፈለጋል። እነዚህ ምሩቃን «ቺፕ የእኛ ሙያ አይደለም» ብለው ሲያልፉት ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ ስለ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ስትጽፉ የኤሌክትሮኒክስ ፓኬጂንግን በስሙ ጠርታችሁ አስተዋውቁልን።

አክባሪያችሁ፣
ከአትላንታ