የመምህር አስፋው የሚሩ ስም ይነሣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ መምህራን ክብር ባወጣችሁት ጽሑፍ የመምህር አስፋው የሚሩን ስም በማጣቴ ይህን ጻፍኩ። በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው በጎዳና ኑሮ የተፈተኑት እኚህ ሰው፣ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲማሩ ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን ምግብ ለተራቡ ልጆች ያካፍሉ ነበር፤ ልጆቹ ፊደልም እንደተራቡ ሲረዱ፣ ገና ራሳቸው ተማሪ ሳሉ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት የተወለደው ከዚያች ጥላ ነው።

በዚያ ግቢ ዱላ ክልክል ነበር። በአለንጋ ፊደል ለቆጠርነው ለእኛ ትውልድ ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ይገባናል፤ እኔ ከሕንፃው ሁሉ የማስበልጠው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የልጆች ሽልማትን ተቀብለዋል። እባካችሁ፣ ያስተማሯቸው ተማሪዎች በሕይወት ሳሉ የመምህሩን ታሪክ ከእነርሱ አንደበት ተቀብላችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ