አንድ ብሯ እስካሁን እኔ ጋ ናት

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ይቺን «እንዴት ነሽ» ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ ተመለስኩ። አራት ዓመት ድምፁ የጠፋ ሰው ደኅንነት ሲጠይቅ ያሳፍራል። ማፈሩን ለኋላ ላቆየውና መጀመሪያ ያለፈው ቅዳሜ የገጠመኝን ልንገርሽ።

ልጆቹ ትምህርት ዘግተዋል፤ ባለቤቴም እንደ ዕድል ሥራ የማይገባበት ቅዳሜ ሆነለትና ግሬት ፎልስ የሚባል ፓርክ ይዘናቸው ሄድን። የፖቶማክ ወንዝ ዋሽንግተን ከመድረሱ በፊት ከቋጥኝ ጋር የሚታገልበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ አሥር ዓመት ስኖር አንድ ቀን አልረገጥኩትም። ባሕር ዳር ተወልደው ጢስ ዓባይን ያላዩትን ስንስቅባቸው የነበርነው እኔና አንቺ አልነበርንም?

እኛ እስክንሰናዳ ረፋዱ አልቆ በሩ ላይ የመኪና ሰልፍ ጠበቀን። ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው። ደረሰኙ ሰባት ቀን ስለሚያገለግል ባለቤቴ «እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ነን» አለ። ታውቂያለሽ ቁጠባውን።

ፏፏቴው እንደኛው ከገደል አፍ የሚወረወር አይደለም። ወንዙ አንድ ማይል በማይሞላ መንገድ 76 ጫማ ይወርዳል፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቋጥኙ መሀል እየተሰነጠቀ፣ እየተላተመ፣ አረፋ እየደፈቀ። ወረድ ብሎ ደግሞ ያ ሁሉ ስፋት ጠብቦ በገደል መሀል ይገባል። ድምፁን ስሰማ አንገቴ ሥር ብርድ ብርድ አለኝ። ትንሹ ልጄ ልዋኝ ብሎ አለቀሰ። ዋና ክልክል ነው፣ ሰው ይበላል፣ በየቦታው ተጽፏል። እሱ ግን «ጽሑፉ ለትልልቆች ነው» ብሎ ተከራከረን።

ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ግንድ ተተክሏል፤ ጎርፉ በየዘመኑ እስከየት እንደደረሰ በዓመተ ምሕረት ምልክት አድርገውበታል። ወንዙ ከእግራችን ሥር ስንት ሜትር ወርዶ ይታያል፣ የ1936ቱ ምልክት ግን (በፈረንጅ ነው) ከባለቤቴ ራስ በላይ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ሊነኩት ዘለሉ፤ አልደረሱበትም። ጆርጅ ዋሽንግተን ጀልባ ፏፏቴውን ዞሮ እንዲያልፍ ያስጀመረው ቦይም እዚያው ነው፤ ፍርስራሹን ፎቶ አንስተን አለፍነው።

ያኔ ትልቋ «ያንቺ ፏፏቴ ከዚህ ይበልጣል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ትዝ ይልሻል በ1996 ግንቦት ላይ የሄድነው? ያ አውቶቡስ፣ ያ አቧራ። የአላታን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጥተን ስንደርስ ውኃው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በጋ ነው፣ የቀረውንም የመብራት ማመንጫው ወስዶታል። ገደሉ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠኑ ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ። አንቺ አንድ ብር ከኪስሽ አውጥተሽ ጀርባውን አዞርሽና ፏፏቴው ፊት ዘርግተሽ «ብሩ ላይ ያለው ይበልጣል፤ የትራንስፖርታችንን ይመልሱልን» ስትይ አስጎብኚው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን እናትሽ እትዬ በኮባ የጋገሩትን ድፎ ከነጠላው ፈታን። ለሁለት ሰው ብለው ለአምስት ሰው ነበር የቋጠሩት።

ለልጄ «በክረምት ይበልጣል» አልኳት።

ምሳ ልናቀርብ ስንል ወጡ አለ፣ አይቡ አለ፣ እንጀራው ቤት ቀርቷል። እሱ «አንቺ ነሽ»፣ እኔ «አንተ ነህ» ስንባባል ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንዲት እናት ሰምተውን ኖሯል። ሳህን የለ፣ ፎይል የለ፣ እንጀራውን አራት ላይ አጥፈው በእጃቸው ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ ወጥ ብቻውን ምን ያደርጋል!» አሉና ትንሹን ጭንቅላቱን ዳብሰው መረቁት። አነጋገራቸው የጎጃም ነው። አመስግኛቸው ተቀመጥኩ፤ ጉርሻው ግን አልወርድ አለኝ።

እትዬ ማረፋቸውን የሰማሁት በአርባቸው ሰሞን ነው። ስልኩን አንስቼ ምን ብዬ ልጀምር ስል «ነገ» አልኩ። ነገ እያልኩ ሰማንያቸው ወጣ። ከዚያ ለተዝካሩ ገንዘብ ልላክና አብሬ ልደውል አልኩ፣ ያን ጊዜ ደግሞ እጄ ላይ አልነበረኝም። ሙት ዓመታቸው ሲያልፍ መደወሉ ራሱ ነውር መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ደውለሻል። ሥራ ላይ ነበርኩ ብልሽ ታምኚኝ ነበር፤ ቤት ነበርኩ፣ ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ አየዋለሁ። ለቅሶሽን ያልደረስኩ እኔ ነኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ፤ አንቺንም ያጽናሽ፣ ቢዘገይም።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አላጣድፍሽም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በእናንተ ማታ፣ እደውላለሁ። ካላነሳሽ በሌላው እሑድ እደውላለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰው ትንሽ ነገር ይዞልሻል፤ ለእትዬ ጧፍ ግዢልኝ፣ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ። ውስጡ ያለችው አንድ ብር ያቺው ናት። ለመመለሻ አበድረሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቼ፣ እዚህ ድረስ በቦርሳዬ መጥታለች። ዛሬ ሱቅ ብትሰጪያት ይስቁብሻል። መንገዱ ሰላም ከሆነ መስከረም ላይ ውረጂና እንደዚያን ቀን ፏፏቴው ፊት ዘርጊያት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ጻፊልኝ፣ ልጄ መልስ እየጠበቀች ነው።

ያንቺው