ስለ ልጅሽ ዓይን

ሰኒዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ! ኮዬ ፈጬ ከገባሁ ወዲህ ከሁሉም ሰው ርቄያለሁ። ትናንት እናትሽ ደውለው መውለድሽን ሲነግሩኝ በደስታ ጮህኩ። እንኳን ማርያም ማረችሽ!

የልጅሽ ግራ ዓይን ሳያለቅስ እንደሚያነባ፣ ጠዋት ጠዋትም በዓይናር እንደሚጣበቅ ነገሩኝ። ጎረቤት የጡት ወተት ጨምሪበት አለችሽ አሉ። እባክሽ፣ ሐኪም ካላዘዘ ምንም አትጨምሪበት። እዚህ ጤና ጣቢያ ስንት እናት እንዲህ ስትጨነቅ አያለሁ መሰለሽ።

እንባ የሚያመነጨው ዕጢ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በጆሮ በኩል ባለው ጥግ ነው። በትልቅ ሰው ባቄላ ያክላል። እንባው ውሃ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቶሎ እንዳይደርቅ ከቆቡ ጠርዝ የሚወጣ ቅባት ይሸፍነዋል። ባክቴሪያ የሚገድል ላይሶዛይም የሚባል ንጥረ ነገርም አለበት። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ስለ ላይሶዛይም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ከፔኒሲሊኑ በፊት መሆኑ ነው። እዚህ ሰፈር የግንባታው አቧራ ሲነሳ ዓይናችንን የሚያጥብልን ይኸው እንባ ነው።

የልጅሽ ችግር ግን ዕጢው አይመስለኝም፤ መውረጃው ነው። መስታወት ፊት ቁሚና የታችኛውን ቆብሽን በአፍንጫ በኩል ገለጥ አድርጊው። ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽዬ ቀዳዳ ታያለሽ። ከላይም እንደዚያው አለች። እንባው በእነሱ ገብቶ ወደ እንባ ከረጢት፣ ከዚያ በቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ ንፍጥ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ የቱቦው ጫፍ በስስ ሽፋን እንደተዘጋ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈታል።

እስከዚያው እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጥፍርሽንም አሳጥሪ። በትንሿ ጣትሽ በዓይኑ ጥግና በአፍንጫው መሃል ያለውን ቦታ ለስለስ አድርገሽ ጫን በይና ወደ ታች ሳቢው። በቀን ጥቂት ጊዜ ደጋግሚው። ዓይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በነከርሽው ንጹህ ጥጥ ጥረጊለት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥጉ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ብርሃን ሲያይ ዓይኑን ከጨፈነ ወይም ብሌኑ ከደፈረሰ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ውሰጂው።

ቅዳሜ እረፍት ነኝ። ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ፤ ዓይኑን ራሴ አየዋለሁ። ገንፎ አስቀምጪልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ