ያ መርፌ ለእኛ ሕመም ተሞክሮ አልሠራም፤ ለምን ይሠራል ብላችሁ ጻፋችሁ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እሑድ በጤና ገጻችሁ ያወጣችሁትን የአዳዲስ የራስ ምታት መድኃኒቶች ዘገባ ከእኔ በፊት ዘመዶቼ አንብበውት ኖሯል። ከቅዳሴ ስመለስ ስልኬ በመልእክት ተጨናንቆ ጠበቀኝ። ሁሉም የላኩልኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ስለ ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚነሣ ከባድ ራስ ምታት) መርፌው ብዙ ካተታችሁ በኋላ «መድኃኒቱ ለዓመታት በፊታቸው ሕመም ሲሠቃዩ ለኖሩትም እፎይታ ሆኗል» ያላችሁትን። ይህ ሐሰት ነው። ሆን ብላችሁ ዋሻችሁ አልልም፤ ሳታጣሩ ጻፋችሁ ነው የምለው። ለእኔ ግን ያመጣው ጣጣ ያው ነው።

እኔ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የተባለ የፊት ሕመም ታማሚ ነኝ። ግንባርን፣ ጉንጭንና መንጋጋን በሦስት ቅርንጫፍ የሚያዳርስ ነርቭ አለ፤ በአብዛኞቻችን ላይ ነርቩ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ አንድ የደም ሥር ተጭኖት ሽፋኑን ይልጠዋል። ፊዚክስ ስለማስተምር ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ፕላስቲኩ ተልጦ እርስ በርሱ የሚነካካ ሽቦ ነው እያልኩ አስረዳቸዋለሁ። ሕመሙ ከሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ግን ደጋግሞ ይመታል። ለመነሣት ትልቅ ምክንያት አይፈልግም፦ ጥርስ መፋቅ፣ ማኘክ፣ ፊት መታጠብ፣ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ስመጣ በታክሲው መስኮት የሚገባው ነፋስ ይበቃዋል። ሠርግ ቤት ጉርሻ ሲዘረጋልኝ አፌን መክፈት ስለማልችል እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ፤ አጉራሿ ትቀየመኛለች። ሕመሙ በሚብስበት ሰሞን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ እንጂ አልናገርም፤ ከፊተኛው ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ የጻፍኩትን ጮክ ብላ ለክፍሉ ታነብልኛለች።

በዚህ ሕመም ያልተባልኩት የለም። ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ። ጠበል ወሰዱኝ፤ እምነቴ ቢኖርም ቀዝቃዛው ውኃ ጉንጬን ሲነካኝ የጮኽኩትን ጩኸት ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ነው ብሎ ተረጎመው። ከሁሉም የከፋው ግን ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ያደረገኝ ነው። ጥርስ ነው ብለው ጤነኛ መንጋጋ ጥርሴን ነቀሉት፤ ሕመሙ ባይተወኝ ከጎኑ ያለውን ጨመሩበት። ራጅ እንኳ አላነሡኝም። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ጤነኛ ጥርሱን መነቀሉ በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ ስህተት እንደሆነ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ነርቭ ሐኪም ፊት የመቅረብ ዕድል ሳገኝ ነው። ጋዜጠኛችሁ ከእኛ አንዱን ቢያናግር ኖሮ ይህን ይጽፍ ነበር፤ ጥርሱን ሊያስነቅል ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰውም ይደርስለት ነበር።

ወደ መርፌው ልመለስ። በማይግሬን ላይ የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው፣ ላሳንሰው አልተነሣሁም። እ.ኤ.አ. በ1990 ጎድስቢና ኤድቪንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ማይግሬን በተነሣባቸው ሰዎች ላይ ከአንገት ደም ሥር ደም ቀድተው ሲ.ጂ.አር.ፒ. የሚባል ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ አገኙት። ያንን ንጥረ ነገር የሚያግዱት የመጀመሪያዎቹ ክኒኖች ተስፋ ሰጥተው ነበር፤ ቴልካጀፓንት የተባለው ግን ጉበት ላይ ጉዳት በማሳየቱ ተተወ። የዚያኑ ንጥረ ነገር ሥራ የሚያግደው፣ ኢሬኑማብ የተባለው መርፌ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከደም ናሙናው እስከ መርፌው 28 ዓመት ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ለአንጎል ምርምር የሚሰጠውን የብሬይን ሽልማት አገኙ፤ ይገባቸዋል።

ስህተታችሁ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። በማይግሬን ጊዜ ያንን ንጥረ ነገር የሚለቀው ይኸው የእኛው ባለሦስት ቅርንጫፍ ነርቭ ነው። ነርቩ አንድ ከሆነ መድኃኒቱም አንድ ይሆናል ብሎ ማሰብ ለጊዜው ያስኬዳል። እናንተ ግን ያሰባችሁትን እንደተረጋገጠ አድርጋችሁ ጻፋችሁ፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ያሰቡትን ይሞክሩታል። ዴንማርክ ውስጥ ሞክረውታል። 80 የትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ታማሚዎችን መርጠው ለግማሾቹ ኢሬኑማብን፣ ለግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ወጉ፤ ማን የትኛውን እንደተወጋ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፦ ኢሬኑማብ ከባዶው መርፌ አልተሻለም። እፎይታ ሆኗል ያላችሁት መድኃኒት ይህ ነው! ጥናቱ ታትሞ በግልጽ ተቀምጦ ሳለ ጋዜጠኛችሁ እንዴት ሳያየው ቀረ? አንድ የነርቭ ሐኪም ጋ መደወል ይህን ያህል ይከብዳል?

የእኛ መድኃኒት ፍለጋ የዘገየበት ምክንያት አለው። በሽታው ከማይግሬን ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ጥቂት ሰው በመሆኑ ለጥናት የሚበቃ ታማሚ ማሰባሰብ አስቸጋሪ ነው። ሕመሙ ራሱ ለወራት ጠፍቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ የተሻለው በመድኃኒቱ ይሁን በራሱ ጊዜ መለየት ያዳግታል። በዚያ ላይ እንዲህ የሚያሠቃይ ሕመም ያለበትን ሰው ለጥናት ሲባል ባዶ ክኒን እየዋጥክ ወራት ቆይ ማለት አይቻልም። ቪክሶትሪጂን የተባለው ክኒን ለእኛ ተብሎ ተሞክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት በአንዳንድ መለኪያዎች ተስፋ ቢያሳይም ዋናውን ግቡን አልመታም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሱዜትሪጂን የሕመም ምልክት የሚያስተላልፈውን የነርቭ የሶዲየም በር የሚዘጋ አዲስ ዓይነት ማስታገሻ ነው፤ የተፈቀደው ግን ድንገት ለሚከሰት ሕመም እንጂ ለእኛ አይደለም። ይህን ብትጽፉት ደስ ብሎን እናነበው ነበር። እውነተኛውን ነገር ለመስማት አቅም አለን፤ ገና አልተገኘም ቢባል አንሞትም።

አሁን ያለን ካርባማዜፒን ነው። ብሎም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ለዚህ በሽታ እንደሚሠራ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን ዛሬም ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዙት እሱን ነው። ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ለዚህ ሕመም የሚፈይዱት ነገር የለም። ካርባማዜፒን ያደክማል፣ ያዞራል፣ የደምን ሶዲየም ያወርዳል፤ የወሊድ መከላከያን ጨምሮ የሌሎች መድኃኒቶችን ኃይል ስለሚቀንስ ሐኪም ሳያውቀው አይወሰድም። ቢሆንም እሱ ሲኖር አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ አይገኝም። የሚጥል በሽታ ያለባቸውም የሚውጡት ይህንኑ ክኒን ስለሆነ ሲጠፋ አብረን ነው የምንንከራተተው፤ ከአራዳ እስከ ማራኪ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት። የእነሱ ደግሞ ይብሳል፤ ድንገት ካቋረጡት በሽታው ይነሣባቸዋል።

ዘገባችሁ ያደረሰውን ልንገራችሁ። ከቆላ ድባ የሚመጡ፣ ክትትል ስንመጣ ወረፋ ላይ የማገኛቸው አንዲት እናት አሉ፤ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ባለፈው ሲያገኙኝ «ልጄ፣ መርፌ መጣ አይደል? ልጄ ጋዜጣ አንብቦልኝ ይኼን የሚያደነዝዝ ክኒን ተውኩት» አሉኝ። ነጠላቸውን ጉንጫቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር የሚያወሩት፤ እያንዳንዱን ቃል በግማሽ አፍ። ክኒኑን ካቆሙ ጀምሮ ምግብ በአፋቸው አልዞረም፤ አጥሚት ብቻ በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳሉ። መርፌው ለሳቸው እንዳልሆነ፣ ቢሆንም እዚህ እንደሌለ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን መንገር የእናንተ ሥራ ነበር። ወንድሜም ከአሜሪካ ደውሎ «ገንዘብ እናዋጣና እንግዛልሽ» አለኝ። መርፌው ገበያ ላይ ሲወጣ እዚያ የተቆረጠለት ዋጋ በዓመት 6,900 ዶላር ነበር። ለማይሠራልኝ መድኃኒት ቤተሰቤ ዕዳ ሊገባ ነበር።

ሌላው የከነከነኝ ነገር በዘገባው ውስጥ የተናገሩት ሐኪሞችም ታማሚዎችም በሙሉ አዲስ አበባ የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ጎንደር እኮ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። የሚጠየቅ ሰው ጠፍቶ ነው? «በአገራችን የራስ ምታት ተጠንቶ አያውቅም» ያላችሁትም ትክክል አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በገጠር ያጠኑት እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን 18 የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ስለ ማይግሬን ታማሚዎች ተቆርቁራችሁ ከጻፋችሁ ይህን ቁጥር እንዴት ተዋችሁት?

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ስህተቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አርሙ፤ በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ በሁለት መስመር የሚወጣ እርማት እማማን አያገኛቸውም። ክኒን ያቆመ ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙን እንዲያነጋግር በግልጽ ጻፉ። ከዚያም ካርባማዜፒን ለምን እየጠፋ እንደሚቸግር የሚያቀርቡትንም የሚያከፋፍሉትንም ጠይቃችሁ ዘግቡልን፤ ለዚህ ሥራ ጋዜጠኛ ጎንደር ድረስ ብትልኩ ታማሚዎቹን አገናኛለሁ። ስልኬን ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ሕመሙ ሲነሣብኝ መናገር ስለማልችል ከመደወላችሁ በፊት በጽሑፍ መልእክት ላኩልኝ።

የፊዚክስ መምህርት፣ ከጎንደር
(ስሜ በአዘጋጁ ዘንድ ይታወቃል)