የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ኮረብታና የመኳንንቱን የአደን ታሪክ ለመሰነድ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአንኮበርና የአካባቢው ተወላጆች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ የምትኖሩ የታሪክ ወዳጆች፤

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የአፋርን ቆላ ቁልቁል በሚያይ ተራራ ላይ የሚገኘው የአንኮበር ኮረብታ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። በ1834 ዓ.ም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ፣ ቀደም ሲል በደቡባዊ አፍሪካ በአዳኝነቱ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው የአባቶቻቸውን ዙፋን ከያዙ በኋላ አንኮበር ከዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ ሆናለች።

በዚያ ዘመን መኳንንቱ ከደጋው ወደ ቆላ ወርደው ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ ያድኑ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው በጌታው ፊት ፎክሮ ሽልማት ይቀበላል፤ ዝሆን የገደለም ጆሮውን ተበስቶ የወርቅ ሎቲ ያንጠለጥላል። አደኑ የጀግንነት መለኪያና የሹመት መንገድ ስለነበር፣ የቤተ መንግሥቱን ታሪክ ከአደኑ ነጥሎ መጻፍ ግማሹን ማስቀረት ነው ብለን እናምናለን። የቆላው ዝሆን ዛሬ በአካባቢው የለም፤ ይህም የታሪኩ አንድ ክፍል ስለሆነ ሳይሸፋፈን መመዝገብ አለበት።

በኮረብታው አናት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል፤ ከጥንቱ ግንብ ግን የቀረው ጥቂት የድንጋይ ፍርስራሽ ብቻ ነው። የአዳኞችን ፉከራና ቀረርቶ ከአያቶቻቸው አፍ የሰሙ አረጋውያንም ከዓመት ዓመት እያነሱ ስለሆነ፣ በቅድሚያ የምናውለው ገንዘብ የእነርሱን ቃል በድምፅና በምስል ለመቅረጽ ነው። ከዚያ ፍርስራሹን በባለሙያ ማስለካትና ፎቶግራፍ ማስነሣት፣ አቅም ከፈቀደም በከተማዋ አንዲት አነስተኛ የመዘክር ክፍል ማዘጋጀት ይከተላል።

ስለዚህ የምትችሉትን ገንዘብ፣ ገንዘብ ባይኖራችሁም ሙያችሁን እንድታበረክቱ በአክብሮት እንጠይቃለን። በቤታችሁ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ ጋሻ ወይም የጎሽ ቀንድ ዋንጫ ካለ ዕቃውን ከእናንተ መውሰድ አያስፈልገንም፤ ፎቶውን እንድናነሣና የመጣበትን ታሪክ እንድንመዘግብ ብቻ ፍቀዱልን። የሚሰበሰበው ገንዘብ በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የወጪው ዝርዝርም በየጊዜው ለሁላችሁም ይቀርባል።