«አሳ ነከሰው» ሲሉን ለደረሳችሁልን ሁሉ

ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። የደወለው ደቡብ አፍሪካ ከወንድሜ ጋር ሱቅ የሚሠራው ልጅ ነበር። «እማማ፣ አይደንግጡ፣ አሳ ነክሶት ነው» አላት። እማዬ ሳቀች። እውነቴን ነው፣ ሳቀች። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው አሳ የሚያውቀው ተጠብሶ ከነሎሚው ነዋ። ከዚያ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እማዬ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ወር ሙሉ ቤታችን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት በክራንች እየተራመደ ገብቷል። እግሩ አለ። ባቱ ግን ጎድሏል። ሁላችሁንም ቤት ለቤት ዞሬ ማመስገን ስላልቻልኩ ይህን ጻፍኩ። «እንዴት ሆኖ ነው?» ስትሉኝም ግማሽ ግማሹን ነበር የምነግራችሁ። ዛሬ ሙሉውን ልንገራችሁ። «አሳ» ያሉን ሻርክ ነው፣ ሰው የሚነክስ ትልቅ የባሕር አሳ።

ወንድሜ ዋና የተማረው በሬሳ ወንዝ ነው። አባባ በክረምት ስንት ቀን በአለንጋ እያባረረ አውጥቶታል። አሁን የሚኖረው ኢስተርን ኬፕ በሚባለው ግዛት፣ ባሕር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እሁድ ሱቁን ዘግቶ ይዋኛል። ያን ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር። ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባበት ቦታ ደፍርሷል። ሰዓቱም ሊመሽ ሲል ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ውሃ መግባት እንደማያስፈልግ አሁን እሱም እኔም አውቀናል። በወንዝ አፍ ላይ አሳ ይሰበሰባል፣ ሻርክ ደግሞ አሳውን ተከትሎ ይመጣል። በድፍርስ ውሃ ውስጥ እሱም አጥርቶ አያይም፣ ሰውም እሱን አያየውም።

የአካባቢው ሰዎች «ዛምቤዚ ነው» አሉ። ሌላው ዓለም ቡል ሻርክ የሚለውን እነሱ በወንዝ ስም ነው የሚጠሩት፤ ከባሕር ወጥቶ ጨው በሌለው ወንዝ ውስጥ ሽቅብ ስለሚዋኝ ነው። ይህን እድር ላይ ሳወራ አንድ አባት «ታዲያ በሬሳ ውስጥስ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አባባ። በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ዓባይ ይገባል፤ ያን ሁሉ ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ብርድ የደረሰ ሻርክ ካለ አረቄ ይገባዋል።

ሻርኩ አንዴ ነክሶ ለቀቀው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ አሉ። ግን አንዷም ትበቃለች፤ የሚገድለው የደሙ መፍሰስ ነው። ራቅ ብለው ሁለት ልጆች ሰርፍ ያደርጉ ነበር። ሰርፍ ማለት ረጅም ቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ነው። ጩኸቱን ሰሙ፣ ደሙን አዩ። ከዚያ ወደ እሱ ቀዘፉ።

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ ዝም እላለሁ። እኛ ሌሊት ጅብ በግ ሲይዝብን እንኳ ባትሪና ዱላ ይዘን፣ ጎረቤት ጠርተን ነው የምንወጣው። እነዚህ ሁለት ናቸው። በእጃቸው ምንም የለም። አውሬው ከእግራቸው ሥር ይሁን ከኋላቸው አያውቁም። ወደ ዳር ቢቀዝፉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። አማርኛ አያነቡም፣ ግን ወንድሜ ይተረጉምላቸዋል፤ እናታችን በየቀኑ ቡና ስታፈላ ስማችሁን አፏ እንዳመጣላት እየጠራች ትመርቃችኋለች።

አንደኛው ልጅ በኋላ ሆስፒታል መጥቶ ቪዲዮ አሳየው። በ2015 እ.ኤ.አ. እዚያው ግዛት፣ ጄፍሪስ ቤይ ላይ የዓለም ሰርፍ ውድድር ፍጻሜ በቀጥታ እየተላለፈ ሳለ አውስትራሊያዊው ሚክ ፋኒንግ ላይ ሻርክ ይመጣበታል። ለዋንጫ የሚፎካከረው ጁሊያን ዊልሰን ሸሽቶ አልወጣም፣ ወደ ፋኒንግ ቀዘፈ። ሁለቱም ሳይጎዱ ወጡ። ልጁ ወንድሜን «ያን ያየሁት ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው፤ እንደዚያ ነው የሚደረገው ብዬ ነው ያደግኩት» አለው።

አሸዋው ላይ እንዳወጡት ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያስረውን ገመድ ፈትተው ከጉልበቱ በላይ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ለእረፍት የመጣች ነርስ ሮጣ ደርሳ ቁስሉን በፎጣ ይዛ ተጫነችው። ደሙ እስኪቆም ከዚያ አላነሱትም። እኛ ብንሆን አንከብክበን ባጃጅ ላይ ነበር የምንጭነው፣ ደሙም መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። የባሕር ነፍስ አድን ሰዎቹም ቶሎ ደረሱ። እነዚህ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የቀን ሥራቸውን ጥለው ነው የሚመጡት። እግዜር ይስጥልን።

እዚያው ከተማ ያላችሁ አበሾች፣ ሱቃችሁን እየዘጋችሁ በተራ አድራችሁለታል። ሽሮ ይዛችሁ ሆስፒታል የገባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ዘበኛው ሽታው ምንድን ነው ብሎ ያቆማችሁም እናንተው።

እዚህ ደግሞ የሰፈራችን ልጆች። ወንድሜ የማያውቀው ሰው ደም ተሰጥቶት ነው የተረፈው። ይህን ስነግራችሁ «የእኛ ደም ደቡብ አፍሪካ አይደርስም» አላችሁ፣ ከዚያ አስራ አንድ ሆናችሁ ሄዳችሁ እዚሁ ደም ለገሳችሁ። ለእሱ እንዳልደረሰ ታውቃላችሁ። ለማን እንደደረሰ አናውቅም። ወንድሜ ይህን ስነግረው ነው ስልክ ላይ መጀመሪያ ያለቀሰው።

የእድራችን ዳኛና ጸሐፊ፣ ከሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ጻድቃኔ ማርያም ድረስ ሄዳችሁ የተሳላችሁ፣ ከደብረ ሲና ቆሎ የላካችሁልን አክስቶቼ፣ ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልኝ። የገንዘቡ ዝርዝር ከነደረሰኙ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ነው፤ ማንም ሰው መጥቶ ማየት ይችላል። የተረፈው ለእግሩ ፊዚዮቴራፒ ነው። በወንድሜ ፎቶ ሌላ አካውንት ከፍቶ ብር የሰበሰበ ሰው እንዳለም ሰምተናል። እሱን አናመሰግንም።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልምጣ። ግማሻችሁ የጠየቃችሁኝ «ሻርኩስ ተገደለ?» ብላችሁ ነው። አልተገደለም። ወንድሜም እንዲገደል አልፈለገም። እኔ በዚህ ተናድጄበት ነበር። እሱ ግን አራት ወር ተኝቶ ሲያነብ ስለከረመ መልስ አያጣም። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ሳይነኩት ሻርክ የነከሳቸው ተብለው የተመዘገቡት 47 ሰዎች ናቸው። ሰው ደግሞ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ሻርክ ይገድላል ተብሎ ይገመታል። እማዬ ቁጥሩን ስትሰማ «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መርጦ የእኔን ልጅ?» አለች። መልስ አልነበረንም።

ሰው እንዳይነከስ ደግሞ፣ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ደርባን በምትባለው ከተማ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕሩ ውስጥ መረብ ይዘረጋሉ። እኔ አጥር መስሎኝ ነበር። ለካ በጎንም በሥርም ይታለፋል፤ የሚጠቅመው ሻርኮቹን እየያዘ ቁጥራቸውን በመቀነስ ነው፤ ዶልፊንና ኤሊም አብሮ ይያዛል። ኬፕ ታውን ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተራራ ላይ ሰው ያስቀምጣሉ። ሰውየው መነጽር ይዞ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ሻርክ ካየ በሬዲዮ ይናገራል፣ ሳይረን ይጮኻል፣ የሻርክ ሥዕል ያለበት ነጭ ባንዲራ ይወጣል፣ ዋናተኛው ሁሉ ይወጣል።

ቀወት ማሽላ የሚያርሱት አጎታችን ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ማማ ነዋ! ማማ በሉኛ!» አሉ። «ዝንጀሮውን ገድለን እንጨርሳለን ወይ? ልጅ ማማ ላይ እናወጣለን፣ ወንጭፍ እንሰጠዋለን፣ አለቀ።» በመጀመሪያው ሳምንት «ያን አውሬ አሳዩኝ» ሲሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ትንሽ በርዶልኛል። ትንሽ።

ስለቱ የፊታችን ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቤታችን ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ይደፋል። ኑ። ልጆች፣ ቁስልህን አሳየን አትበሉት፤ ሳትጠይቁት ሱሪውን ሰብስቦ ያሳያችኋል፣ ሻርኩም በየጊዜው አንድ ክንድ እየረዘመ ነው። አሳ ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ። እማዬ ከበር ትመልሳችኋለች።